ዴልታ ኢን በነካችሁ ቁጥር ክሮስ ሴክሽኑ ከተንቀሳቀሰ

ዩኒቱን፣ ማዕዘኑንና ኖርማላይዜሽኑን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ደሴ ላይ ተማሪዎች ይዘውልኝ የሚመጡት የኤሌክትሮን–ፕሮቶን ብተና ብልሽት፣ ኤሌክትሮኑ የሚለቀውን ፎቶን የሚያካክሰው እርማት ላይ ያለው፣ መቼም ያው ነው።

ምልክቱ፦ የቆረጣውን ወሰን፣ ዴልታ ኢን (ኤሌክትሮኑ ቢጎድለው የምትፈቅዱለትን ጉልበት)፣ ከፍ ዝቅ ስታደርጉ የታረመው ክሮስ ሴክሽን (የመበተን ዕድሉ መለኪያ) አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ምክንያቱ፦ ኤሌክትሮኑ ሲበተን ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት፣ ይለቃል። የፎቶኑ ጉልበት ከዴልታ ኢ ካነሰ ኤላስቲክ (ፕሮቶኑ እንዳለ የቀረበት፣ አዲስ ቅንጣት ያልተፈጠረበት) ብላችሁ ትይዙታላችሁ፤ ከበለጠ ይጣላል። የተጣለውን የሚመልሰው እርማት የዚህን ወሰን ሎጋሪዝም ይከተላል። ኪው ስኩዌር (ኤሌክትሮኑ ለፕሮቶኑ የሚያስተላልፈው ሞመንተም ስኩዌር) 1 ጂኢቪ ስኩዌር ላይ ወሰኑ የኤሌክትሮኑ ጉልበት 1 በመቶ ከሆነ፣ ይህ ክፍል ብቻውን የሚለካውን ክሮስ ሴክሽን 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 2 በመቶ ካደረጋችሁት 26 ገደማ።

በቅርቡ አንድ ልጅ ፒያሳ ቡና ይዘን ላፕቶፑን ከፈተና "ጋሼ፣ ጂ ኢ ወረደ፤ የሁለት ፎቶን ልውውጥ ነው!" አለኝ። ጂ ኢ የፕሮቶኑን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስርጭት የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ የሁለት ፎቶን ልውውጥ ደግሞ ኤሌክትሮኑና ፕሮቶኑ በአንድ ሳይሆን በሁለት ፎቶን ሲገናኙ ነው። ፋይሉን አየሁት። ዳታው በሁሉም የኤሌክትሮን ጨረር ጉልበት ላይ በ20 ኤምኢቪ (1 ጂኢቪ 1000 ኤምኢቪ ነው) ተቆርጧል። እርማቱን የሚያሰላው ኮድ ደግሞ "የጨረሩ 1 በመቶ" ይላል። 20 ኤምኢቪ 1 ጂኢቪ ላይ 2 በመቶ ነው፤ 4 ጂኢቪ ላይ ግማሽ በመቶ። ስለዚህ የ1 ጂኢቪው ጫፍ 4 ተኩል በመቶ ገደማ ሽቅብ፣ የ4 ጂኢቪው ያንኑ ያህል ቁልቁል ሄዷል። የሮዘንብሉት መስመር (በአንድ ኪው ስኩዌር፣ በተለያየ ጨረር የተለካው ክሮስ ሴክሽን የሚሰለፍበት) ስሎፑ ቀነሰ፤ ጂ ኢ የሚነበበው ደግሞ ከስሎፑ ነው። "ወላሂ ጋሼ፣ ኮዱን አልነካሁትም" ይለኛል። ችግሩስ አለመንካትህ! ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ኮድ ሳያነቡ ማስሮጥ ምን ይሉታል?

ሁለት ፎቶን እውነተኛ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ያለው የጄፈርሰን ላብ የፖላራይዜሽን ልኬት (ከስፒን አቅጣጫ የሚነበበው) ከሮዘንብሉት ጋር ሲጋጭ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ሆነ። ግን የሚጎላው ኪው ስኩዌር ከፍ ሲል ነው፤ መጠኑም ጥቂት በመቶ ነው። የራሳችሁን ስህተት አታሸክሙት።

መፍትሄው፦ ዴልታ ኢን አንድ ቦታ ጻፉት፤ ዳታውም እርማቱም ከዚያ ያንብቡ። ከዚያ በሦስት የተለያዩ ወሰኖች አስሩጡት። ውጤቱ ከስታቲስቲክስ ስህተቱ በላይ ከተነቃነቀ ገና አልተጠገነም። ወሰኑን ከዲቴክተሩ ሪዞሉሽን በታች አታውርዱ። ፓዮን የሚባል አዲስ ቅንጣት መፈጠር ከሚጀምርበትም አታሳልፉ! እሱ ኤላስቲክ አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ ቫኩም ፖላራይዜሽን (የሚለዋወጡት ፎቶን ለአፍታ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን መሆኑ) ተረስቶ 2 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ወይም ታርሞ የታተመ ቁጥር ዳግም ይታረማል። እርማቱ 30 በመቶ ሲደርስ ከ1 ከመቀነስ ይልቅ ኤክስፖኔንሺያሉን ተጠቀሙ፤ 0.70 (1 ሲቀነስ 0.30) እና 0.74 (ኤክስፖኔንሺያሉ) አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. የ1969ኙን የሞ እና የሳይ የእርማት ቀመር ከ2000ው የማክሲሞንና ቾን ጋር አትቀላቅሉ፤ የሁለት ፎቶኑን ለስላሳ (ትንሽ ጉልበት ያለው ፎቶን ያለበትን) ክፍል የሚቆርጡት በተለያየ መንገድ ነው።