ከታይሮይድ ካንሰር በኋላ ያሉ ዓመታት፦ ኪኒኑ፣ ቡናው፣ ጾሙና ክትትሉ

ይህ መመሪያ በፓፒላሪ ወይም በፎሊኩላር የታይሮይድ ካንሰር ምክንያት ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸው ዓመታት ላስቆጠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። «ካንሰር ካልቀረ እንኳን የታይሮይድ ሆነ» የሚለው ማጽናኛ ብዙ ሰው አፉን እንዲዘጋ አድርጓል። አብዛኛው ታማሚ በሕክምና እንደሚድን እውነት ነው። ድካሙ፣ የልብ ድው ድው ማለቱ፣ የድምፁ መጎርነንና የአፍ መድረቁ ግን አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ፤ መነገርም መታከምም አለባቸው። ድካምና የልብ ምት ሲያስቸግሩ ካንሰሩን ከመጠርጠር በፊት የሚፈተሸው ኪኒኑ የሚዋጥበት መንገድ ነው።

ኪኒኑን በትክክል መዋጥ

የወጣው ዕጢ ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካው ኪኒን ሌቮታይሮክሲን (ኤልትሮክሲን፣ ዩታይሮክስ በሚሉ ስሞችም ይሸጣል) ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። እዚያ ምግብ ካገኘው ከፊሉ ወደ ደም ሳይገባ ከምግቡ ጋር ያልፋል። ስለዚህ ጠዋት እንደተነሡ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጡት፤ ከዚያ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ምንም አይቅመሱ። ቡናም ምግብ ነው ብለው ይቁጠሩት፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ቡና በጠዋት በሚፈላበት ቤት ጥሩው ዘዴ ኪኒኑን ከትራስ አጠገብ ማስቀመጥና ዓይን እንደተገለጠ መዋጥ ነው፤ ቡናው እስኪታጠብ፣ እስኪቆላና እስኪወቀጥ ሰዓቱ ይደርሳል።

ካልሲየም፣ የብረት ኪኒን (ለደም ማነስ የሚሰጠው) እና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ከሌቮታይሮክሲን ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁ። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ኪኒኑ በደንብ አይሟሟም፣ መጠኑም መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በጾም ወራት የሶያ ወተት መጠጣት የሚያዘወትሩም ከኪኒኑ ሰዓት ያርቁት።

ጠዋት የማይመች ከሆነ ማታ ይቻላል፤ ዋናው ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ማለፉ ነው። አንዱን ይምረጡና በዚያው ይጽኑ፤ ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ ማለት የደም ውጤቱን ያዘበራርቃል።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 7 ቀን ያህል ስለሚወስድ አንድ ቀን ቢረሱ አያስደንግጥ፤ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱ። አደጋው በየሳምንቱ ሁለት ሦስቱን መርሳት ላይ ነው፤ ሰውየው «እየወሰድኩ ነው» ይላል፣ ደሙ ግን ሌላ ይናገራል። ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን ይህን ችግር ይፈታዋል።

አንድ ስሕተት በተለይ ይጠንቀቁ። አንዳንዱ ማሸጊያ 100 ማይክሮ ግራም ይላል፣ ሌላው 0.1 ሚሊ ግራም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። 0.05 ሚሊ ግራም ደግሞ 50 ማይክሮ ግራም ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላከው ፓኮ ከቀድሞው ጋር በስም ባይመሳሰልም መጠኑን በዚህ ስሌት አመሳክረው ብቻ ይጀምሩ። አምራቹ ከተቀየረ ቀኑን ጽፈው ይያዙና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው፣ መድኃኒቱ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚለው ሆርሞን) ይመርመሩ። ባለ 100ው ከገበያ ቢጠፋ ሁለት ባለ 50 መዋጥ ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን አይቻልም። ኪኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ስለሚያበላሸው ከ25 ዲግሪ በታች፣ በራሱ ማሸጊያ ይቀመጥ፤ ወደ ኪኒን ሳጥኑ የሚገባው የሳምንቱ ብቻ ይሁን። ምድጃ አጠገብ ያለ መደርደሪያና በበረሃ ሙቀት የቆመ መኪና ቦታው አይደሉም።

ጾም ሲመጣ

እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የማታው ሰዓት ቀላሉ ነው። በረመዳንም እንደዚሁ፦ ከኢፍጣር ምግብ 3 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ከሱሑር አንድ ሰዓት ቀድሞ። ለቁርባን 18 ሰዓት የሚጾም ሰው ሌቮታይሮክሲኑን ለዚያ ቀን ማዘግየቱ አይጎዳውም። ካልሲየምና ካልሲትሪዮል (ካልሲየም ወደ ደም እንዲገባ የሚረዳ የቫይታሚን ዲ ዓይነት) የሚወስድ ግን ይህን ያህል ሰዓት ያለ መድኃኒት መቆየቱ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር።

ስለ ካልሲየም ጥቂት እንጨምር። ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዱ የደም ካልሲየም ይወርዳል፤ በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፍ ይወርራል፣ ይደነዝዛል፣ እጅና እግር ይሸማቀቃል። ሽምቅቅታው ከበረታ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም የሚጥል ከሆነ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ኪኒን የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት፣ አይብና እርጎ ሲቋረጡ ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ስለሚቀንስ፣ ይህ ችግር ያለበት ሰው ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደሙን ቢያስመረምር ጥሩ ነው።

ድካሙ ከየት ነው?

መጀመሪያ ቲኤስኤች። ደሙን ጠዋት፣ የዕለቱን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ይስጡ። የካንሰሩ ምልክት ለጠፋላቸውና የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ0.5 እስከ 2 ነው። በሰውነታቸው ውስጥ የካንሰሩ ቅሪት ላለባቸው ግን፣ ቲኤስኤች የካንሰሩን ሕዋሳት ሊያነሣሣ ስለሚችል፣ ከ0.1 በታች ሊፈለግ ይችላል። «የእኔ ግብ ስንት ነው? አሁንም ዝቅ ማድረጉ ያስፈልገኛል?» ብለው በየዓመቱ ይጠይቁ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የታዘዘ መጠን ማንም ሳያየው እንዲሁ ሲቀጥል ይገኛል። ቲኤስኤች ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል፣ የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ዘንድ ደግሞ አጥንት ይሳሳል። ስለዚህ ለድካም ብሎ በራስ ፈቃድ ግማሽ ኪኒን መጨመር አይገባም።

ቲኤስኤች ግቡ ላይ ሆኖ ድካሙ ካልለቀቀ ሄሞግሎቢን፣ የብረት ክምችት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ይታዩ። ማታ የሚያንኮራፉና ጠዋት ራስ ምታት ያለብዎት ከሆነ የእንቅልፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ድብርትም በድካም መልክ ይመጣል። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ እንቅስቃሴ ከዕረፍት ይሻላል፤ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።

አፍ፣ ድምፅ፣ ምግብ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቀሩ የታይሮይድ ሕዋሳትን ለማጥፋት የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የምራቅ ዕጢዎችን ሊጎዳ ይችላል። ምግብ ሲጀምሩ ጉንጭ የሚያብጥና የሚያም ከሆነ ከጆሮ ፊት ጀምረው በሁለት ጣት ወደ አፍ አቅጣጫ ቀስ ብለው ያሹት፤ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ። ምራቅ ያነሰበት ጥርስ ቶሎ ስለሚበሰብስ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና መጠቀምና በየ6 ወሩ የጥርስ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ድምፅ የሚጎረንነው ወይም ከፍ ብሎ መዘመር የሚያቅተው ወደ ማንቁርት የሚሄዱት ነርቮች ሲነኩ ነው። ከወራት በኋላም ካልተስተካከለ ማንቁርትን በመሣሪያ የሚያይ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የድምፅ ልምምድም መርፌም አለው፤ «ልማድ ይሆናል» ብሎ መተው አያስፈልግም።

ጎመን ለታይሮይድ ሕመምተኛ አይሆንም ሲባል ይሰማል፤ የሚነካው ግን የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ነው። ዕጢው ለወጣለት ሰው የሚያደርሰው ጉዳት የለም፤ በደስታ ይብሉ። አዮዲን ያለበት ጨውም እንዲሁ ነው። ይህ ጨው የሚቀነሰው ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና በፊት ላሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ አዮዲን ያለበት ጨው የገባባቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መውለድ ለሚያስቡ፦ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰደች ሴት ቢያንስ 6 ወር ትጠብቅ። እርግዝና እንደታወቀ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር፤ የሌቮታይሮክሲን ፍላጎት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ስለሚጨምር ቀጣዩ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅም።

ክትትሉና ፍርሃቱ

ታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት ብቻ የሚሠሩት፣ የካንሰሩን መመለስ ለመከታተል የሚለካ ፕሮቲን) የሚባለው ምርመራ ትርጉም የሚኖረው፣ ይህን ፕሮቲን ከሚቃወመው ከፀረ ታይሮግሎቡሊን አንቲቦዲ ምርመራ ጋር ሲሠራ ነው፤ አንቲቦዲው ካለ ታይሮግሎቡሊኑ ሐሰተኛ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በተቻለ መጠን ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ቁጥሩ መለወጡ ካንሰሩ ተለወጠ ማለት ላይሆን ይችላል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጡ ቫይታሚኖች ባዮቲን ካለባቸው ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ያቁሙ፤ በከፍተኛ መጠን የሚወስዱ ከሆነ ከዚያም በላይ መቆየት ያስፈልጋል። ባዮቲን ቲኤስኤችን ያለ ምክንያት ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ሐኪሙ የሚያስፈልግዎትን መጠን ሊቀንስብዎ ይችላል።

የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ የተሰጠዎትን አዮዲን በሚሊኩሪ፣ የታይሮግሎቡሊን ቁጥሮችን ከነቀናቸው በአንድ ፋይል ይያዙ፣ ፎቶ አንሥተውም በስልክ ያስቀምጡ። አገር ሲቀይሩ አዲሱ ሐኪም ከባዶ እንዳይጀምር የሚያደርገው ይህ ነው።

ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ደም የሚሰጡበትንና ውጤት የሚሰሙበትን ቀን በተቻለ መጠን ያቀራርቡት፤ ውጤት ሲሰሙም አንድ ሰው ይዘው ይግቡ፣ በፍርሃት ውስጥ ያለ ጆሮ ግማሹን አይሰማም። ውጤቱ ደህና ተብሎም ፍርሃቱ ለሳምንታት ሥራና እንቅልፍ ከነሣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ የሚያስሄዱት እነዚህ ናቸው፦ አንገት ላይ አዲስ የወጣና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት፣ ያለ ጉንፋን የተለወጠ ድምፅ፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር። መተንፈስ ካስቸገረ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።