የሚያስቅ ዘፈን እንዴት ይደመጣል?

በኢንተርኔት የምትከታተሉትን ቀልደኛ ዘፋኝ በደንብ ለማጣጣም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ባለገመድ ኢርፎን፣ አንድ ወረቀትና ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይበቃል። የሚያስቅ ዘፈን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ቀልድ ይወሰዳል፤ ተሰምቶ፣ ተስቆ፣ ለጓደኛ ተልኮ ይረሳል። ሳቁን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ሙዚቃው ነው። ግጥሙን ያለ ዜማ ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ ፈገግ ይል ይሆናል እንጂ እንደ ዘፈኑ አያስቀውም።

መጀመሪያ ከአንድ ዘፋኝ አምስት ሥራ ምረጡ፤ ሁለት ከጥንቶቹ፣ አንድ በጣም የታወቀውን፣ ሁለት ከቅርቦቹ። በወጡበት ቅደም ተከተል ስሟቸው። አሜሪካዊው ቦ በርነም በ2006 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ላይ ሲጀምር የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን እየተጫወተ ይቀርጽ ነበር። በ2021 ያወጣውን ሥራም አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ነው የጻፈው፣ የቀረጸውና ያቀናበረው። የልጅነቱን ሳይሰማ የኋለኛውን ብቻ የሚያይ ሰው መብራቱና ካሜራው ራሳቸው የቀልዱ አካል እስኪሆኑ ድረስ የሄደበትን መንገድ አያየውም።

ዘፈኑን ከዘፋኙ ከራሱ ቻናል ክፈቱት። ሌሎች መልሰው የሚጭኑት ቅጂ በቅጂ መብት እንዳይያዝ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል ወይም ድምፁ ይቀጥናል። ለማረጋገጥ ርዝመቱን ማወዳደር ነው፤ 3 ደቂቃ የነበረው 2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ከሆነ በአሥር በመቶ ተፋጥኗል። ያች ትንሽ ፍጥነት ለቀልድ ትልቅ ጉዳት ናት፤ ዘፋኙ ሆን ብሎ ያቆያትን ዝምታ ትበላለች። ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ቁራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስቀው ቃል አጠገብ ይጀምራል፤ መንደርደሪያው ስለተቆረጠ ቀልዱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ለፓኬጅ የሚሳሳ ሰው የምስሉን ጥራት ዝቅ ያድርገው፤ እዚህ የሚያስፈልገው ድምፁ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ስልኩን ገልብጣችሁ፣ ምስል ሳታዩ ስሙ። በሳቃችሁበት ቦታ ሁሉ ደቂቃና ሰከንዱን ጻፉ፤ ምክንያቱን አሁን አትፈልጉ። በሁለተኛው ዙር ምስሉን እያያችሁ አዳዲሶቹን ሳቆች አጠገቡ አስፍሩ። በዚህ ዙር የተጨመረው ሳቅ የፊቱ፣ የልብሱ ወይም የካሜራው ነው፤ በመጀመሪያው የተመዘገበው የቃሉና የዜማው ነው። ባለገመድ ኢርፎን ያልነው ለዚህ ነው፤ በብሉቱዝ ድምፁ ከምስሉ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ያኔ ቅንድቡ ከተነሣ በኋላ ቃሉ ይመጣል።

ሦስተኛው ዙር ከሁሉም ይበልጣል፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት። ግጥሙን በእጃችሁ ጻፉ፣ ቤት የሚመታበትን አስምሩ፣ ቀለሙን (በአንድ ጊዜ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል) ቁጠሩ። የአማርኛ ቀልደኛ ዘፋኝ የአዝማሪ ልጅ ነው፤ ሰምና ወርቅ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ስንኝ ተመልከቱ፦

ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር አርጅቶ፣
ሊያስተምር መጣ ዋናውን ረስቶ።

እያንዳንዱ ሐረግ፣ ማለት የስንኙ ግማሽ፣ አምስት ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ምጣኔ። ሲቆጠር ድምፅ የሌለው ሳድስ ለብቻው አይቆጠርም፤ «ሐይቅ» በዜማ ውስጥ አንድ ቀለም ነው። ኅብረ ቃሉ፣ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል፣ «ዋናውን» ነው፤ ሰሙ የሐይቅ ዳር ሰው ሆኖ መዋኘት የረሳ፣ ወርቁ ዋናውን ቁም ነገር ሳይዝ ሊያስተምር የተነሣ። አሁን ቃሉ የት እንደተቀመጠ እዩ። ከሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው፤ «ረስቶ» ቤቱን ሲዘጋው አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ ይስቃል። «ዋናውን» መጀመሪያው ስንኝ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀልዱ ገና ሳይደርስ ያልቅ ነበር። የምትወዱት ዘፋኝ ኅብረ ቃሉን የት እንደሚያስቀምጥ በአምስቱም ዘፈኖች ብታነጻጽሩ ልማዱን ትይዙታላችሁ።

ቀጥሎ ምቱን ለኩ። በእግራችሁ እየመታችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። 30 ምት ከቆጠራችሁ በደቂቃ 120 ነው፤ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ከሚያስቀው ቃል በፊት ወይም በኋላ መሣሪያዎቹ ስንት ምት ዝም እንዳሉ ጻፉ። አንድ ወይም ሁለት ባዶ ምት ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ያደርጋል። ዝምታው ሲረዝም አድማጩ ቀድሞ ይገምተዋል፤ ጭራሽ ከሌለ ከበሮው ይውጠዋል። ሥራው ገና ያልያዘለትን ጀማሪ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ግጥሙ ጥሩ ሆኖ ቢቱ ፋታ አይሰጥም።

ቅኝቱንም አትለፉት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አድማጭ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ስሜት አላቸው። ዘፋኙ ስለ ጠፋ የስልክ ቻርጀር በትዝታ ቢያንጎራጉር የሚያስቀው በናፍቆቱና በቻርጀሩ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ የዘፈኑ ቅኝት ካልገባችሁ በዚያው ቅኝት የተሠራ ቁም ነገረኛ ዘፈን አስቀድማችሁ ስሙ። የሌላ ሰው ዜማ ላይ ግጥም ቀይሮ ለሚዘፍንም ሕጉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ዋናው ሁለት ጊዜ ይሰማ። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነው ዊርድ አል ያንኮቪች ዜማ ከመዋሱ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ልማዱ ነው፤ እንዲህ ያለ አክብሮት ያለው ሰው ዜማውን ጠንቅቆ ነው የሚይዘው፣ ዋናውን የሚያውቅ አድማጭም የተቀየረችውን እያንዳንዷን ፊደል ያገኛታል።

ከሰው ጋር ለማዳመጥ ቡና የሚያህል አጋጣሚ የለም። በአቦል አዲሱን ዘፈን ያለ ምንም ማብራሪያ አሰሙ። በቶና ግጥሙን እያነበባችሁ ድገሙት። በበረካ እንግዶቹ ይምረጡ። ከስምንት ሰው በላይ ሲሆን የአንዱ ሳቅ የሌላውን ስንኝ ይሸፍናል። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር በትንሽ ስፒከር የምታዳምጡ ከሆነ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አድርጉት፣ ድምፁንም ከጨዋታችሁ ክልል አታሳልፉት። ዘፈኑን የሚያውቀው ሰው ቃሉ ሳይደርስ ቀድሞ ከሳቀ ለሌላው አበላሸበት፤ እሱን ቡና በማቅረብ ሥራ ያዙት። ሐዋሳ ላይ አንድ ዘፈን ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ መቀላቀሉ ብርቅ አይደለም። ያልገባችሁን ቃል ቋንቋውን የሚናገረውን ጎረቤት ጠይቁ፣ ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ። አንድን ሕዝብ በአነጋገሩ ብቻ የሚያሾፍ ዘፈን ቢገጥማችሁ ዝለሉት፤ እንዲህ ያለው ከአንድ ጊዜ በላይ አያስቅም፣ ቡና ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ያስከፋል።

አዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሳል። ለኢንተርኔቱ ዘፋኝ ያንን የሚተካው ኮመንት ነው። «አቦ ትመቻለህ» ደስ ይላል፣ ግን ምኑ እንደሠራ አይነግረውም። ሰዓቱን ጽፋችሁ ስንኙን ጥቀሱ፤ ዩቲዩብ ላይ 2:14 ብላችሁ ብትጽፉ ተጭኖ በቀጥታ ወደዚያ ቦታ ይኬዳል። ከቻላችሁ በዚያው ምጣኔ ሁለት ስንኝ አክሉ። ስታጋሩ ፋይሉን በቴሌግራም አትላኩ፣ ሊንኩን ላኩ፤ ፋይል ሲዞር ተመልካችም አይቆጠርለትም፣ ስሙም መንገድ ላይ ይቀራል። በዘፈኑ የራሳችሁን ክሊፕ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ፈቃዱን አረጋግጡ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆናታን ኮልተን ከ2005 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ አንድ ዘፈን ሲያወጣ፣ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ሌሎች እንዲጠቀሙበት ፈቅዶ ነበር፤ አድናቂዎቹም ቪዲዮ ሠሩለት። ያልፈቀደ ዘፋኝ ግን አለ፤ ይጠየቅ።

አምስቱን ዘፈኖች ከጨረሳችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት አትክፈቷቸው፤ ድግግሞሽ ሳቅን ያደነዝዛል። በሳምንቱ ያንኑ ወረቀት አውጡና በሁለተኛው ቀለም አዲስ ምልክት አድርጉ። ቃሉን አስቀድማችሁ እያወቃችሁ አሁንም ያሳቃችሁ ቦታ ዜማው የሠራው ነው፤ ለጓደኛ መጀመሪያ የሚላከውም ያ ቦታ ያለበት ዘፈን ነው።