ፓይተን ሊስት ላይ ዕቃ መጨመር፦ አፔንድ ወይስ ኤክስቴንድ?

ሊስት ማለት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ብዙ ዕቃ በተራ የሚይዝ ዝርዝር ነው። አንድ ነገር ብቻ ከሆነ የምትጨምረው አፔንድ (append) የሚባለው ትዕዛዝ ይበቃሃል። የሊስቱ ስም፣ ነጥብ፣ አፔንድ፣ ቅንፍ ውስጥ ዕቃው። መጨረሻ ላይ ይገባል፣ አለቀ።

ጣጣው የሚመጣው ብዙ ነገር በአንዴ ስትጨምር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ያለበት የአስቤዛ ሊስት አለህ እንበል። ዘይትና ጨው የያዘ ሌላ ሊስት በአፔንድ ብትጨምርበት 4 ሳይሆን 3 ዕቃ ነው የሚኖርህ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ሊስት እንዳለ፣ ከነፌስታሉ በለው፣ እንደ አንድ ዕቃ ይገባል። ፌስታሉን ፈቶ አንድ በአንድ የሚያስገባልህ ኤክስቴንድ (extend) ነው። እሱም ግን ተንኮል አያጣም፦ ሊስት ሳይሆን «ዘይት» የሚል ቃል ብቻውን ብትሰጠው በትኖ ዘ፣ ይ፣ ት አድርጎ ያስገባዋል። እኔን ግማሽ ቀን አቃጥሎኛል።

መጀመሪያ ወይም መሃል ላይ ከፈለግክ ኢንሰርት (insert)። ቦታውን በቁጥር አስቀድም፣ ቆጠራው ከ0 ነው። ሊስቱ ረጅም ከሆነ ግን መጀመሪያው ላይ ደጋግመህ አትሰካ፤ በየጊዜው የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ስለሚገፉ ይንቀረፈፋል።

ደግሞ የአፔንድን ውጤት በእኩል ምልክት መልሰህ ለሊስቱ እንዳትሰጥ። አፔንድ የሚመልሰው ነገር የለም፣ ሊስትህን ውሃ በላው ማለት ነው።