ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን በውሃ ጎማ ፈትሹት

ግድግዳችሁ ዝናብ ያስገባል? ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት ሰኔ ሳይገባ፣ ግድግዳው ደርቆ እያለ በጎማ ፈትሹት።

አንድ ሰው ውጭ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ውስጥ ባትሪ እያበራ ያያል። ዋናው ነገር ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥበዋል፤ በየት በኩል እንደገባ አታውቁም። መጀመሪያ የግድግዳው ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ታች፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ፣ መጨረሻ አናቱ። ባለሙያዎች መስኮት ሲፈትሹ ጎማውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው በየ1.5 ሜትሩ 5 ደቂቃ ይረጫሉ። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውሃው ተጠራቅሞ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ታገሡ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን።

እኔ ኮርኒሱ አጠገብ እድፍ አይቼ ቆርቆሮ አስቀየርኩ (ወጪውን ባታነሱብኝ ይሻላል)። በጎማ ስፈትሽ ለካ ብሎኬቱና ቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚያስረው የኮንክሪት ቢም) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ኖራለች!

ግድግዳው ላይ ሶኬት ካለ ግን አስቀድማችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። እርጥበቱ ብቅ ያለበትን ቦታና ሰዓት ወዲያው በእርሳስ እዚያው ግድግዳው ላይ ጻፉት።