አዲስ ጠመንጃ ይዘው ለአደን ሳይወጡ

ፈቃድ አውጥተው ድኩላ ሊያድኑ ከሆነ ጠመንጃውን አስቀድመው ያስተካክሉት። የፋብሪካውን ዘይት ከአፈሙዙ ውስጥ ጠርገው ያውጡ፤ ዘይት ካለ የመጀመሪያዋ ጥይት ትስታለች። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎኖች ያጥብቁ። አሸዋ የሞላ ጆንያ ከእንጨቱ ሥር ያድርጉ፣ ጥይቱ የሚያልፍበትን ብረት ግን አያስደግፉት፤ ከተነካ ጥይቱ ይሸሻል። ከኋላው የአፈር ቁልል ባለው ኢላማ በ25 ሜትር ይጀምሩ፣ ከዚያ 100። ሦስት ሳይተኩሱ መነጽሩን አይንኩ፤ በአንዲት ቀዳዳ ማረም ጥይት ማባከን ነው። በብዙ መነጽሮች አንድ "ቀጭ" (የማስተካከያው ቁልፍ አንድ እርምጃ ሲዞር) ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያዛውረው በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ በ25 ሜትር ግን 2 እንኳ አይሞላም። ብረቱ ሲግል ያቁሙ፤ ድኩላው ላይ የሚተኮሰው በቀዝቃዛ ብረት ነው። ዓባይ በረሃ የተስተካከለ ጠመንጃ ጮቄ ተራራ ላይ በ300 ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ አየሩ ስስ ነዋ።