ኮምፒውተር ስንገዛና ስናስጠግን ልናስወግዳቸው የሚገቡ የስያሜ ስህተቶች

ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው ሰው ወደ ጥገና ቤት ሄዶ «ሲፒዩው ተበላሽቷል» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ መናገር የፈለገው ጠረጴዛው ሥር ስለተቀመጠው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ኬዝ ይባላል። ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር ግን በሳጥኑ ውስጥ፣ ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ላይ፣ በማቀዝቀዣው ፋን ሥር ተሸፍኖ የሚገኝ፣ ከመዳፍ ያነሰ ቺፕ ሲሆን ስሌቱን የሚሠራው እርሱ ነው። ብልሽቱ ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው የፓወር ሰፕላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ግን በራሱ አንደበት «ሲፒዩ» ካለ በኋላ የሲፒዩ ዋጋ ቢጠየቅ መከራከሪያ ያጣል። ስለዚህ የክፍሉን ስም ከመገመት ይልቅ ያዩትን መናገር ይሻላል፦ መብራቱ ይበራል ወይ፣ ፋኑ ይዞራል ወይ፣ ድምፅ ያሰማል ወይ።

ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው «ሚሞሪ» የሚለው ቃል ነው። በስልክ ልማዳችን ሚሞሪ ማለት ፎቶና ዘፈን የምናስቀምጥበት ካርድ በመሆኑ፣ ሻጭ «8 ጊጋ ሚሞሪ አለው» ብሎ ስለ ራም ሲናገር ገዢው የማስቀመጫ ቦታ አድርጎ ይረዳዋል። ልዩነቱን በጎተራና በመሶብ ማሰብ ይቻላል። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ጎተራ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ያስቀመጥነው በቦታው ይቆያል። ራም መሶብ ነው፤ አሁን የምንሠራበት ብቻ ይቀርብበታል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ባዶ ይሆናል። መብራት በድንገት ሲሄድ ሴቭ ያላደረግነው ጽሑፍ አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጎተራ ስለሰፋ ደግሞ መሶብ አይሰፋም፤ በ4 ጊጋ ራም ብዙ ፕሮግራም ከፍቶ ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ፎቶዎቹን ቢያጠፋ፣ ዲስኩ ጢም ብሎ ካልሞላ በቀር፣ የሚያገኘው ፍጥነት የለም።

ራም ለመጨመር የሚሄድም መጠኑን ብቻ ጠይቆ መግዛት የለበትም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ከታች የተቆረጡበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በግድ መጫን ማዘርቦርዱን ሊሰብር ይችላል። የላፕቶፕ ራምም ከዴስክቶፑ ያጠረ ነው።

ስለ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች «አይ7 ከአይ5 ይበልጣል» የሚለው አባባል የሚያስኬደው ሁለቱ የአንድ ጄኔሬሽን (ትውልድ) እና የአንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ኢንቴል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አይ7-7500ዩ 2 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ብቻ ሲኖረው፣ በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ 4 ኮር አለው። በእነዚህ ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች የመጀመሪያው አሃዝ ጄኔሬሽኑን ስለሚያመለክት፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሙሉ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

አዲስ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ቢያሳይ ግን ማንም አልቀነሰበትም፤ አምራቹ ጊጋውን በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።