ሞተር ሳይክል ስትለማመዱ የምትሠሯቸው ስህተቶች (አንዱ በተለይ ያናድደኛል)

ሞተር ሳይክል ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አዲስ ዓይነት ስህተት የሚሠራ ተማሪ ብዙም አልገጠመኝም። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ስህተቱ ያው ነው። አንዳንዱን ነካ አድርጌ አልፈዋለሁ። አንዱ ላይ ግን መቆጣቴ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅርታ።

በሄልሜት ልጀምር። ማሰሪያውን እሰሩት። ያልታሰረ ሄልሜት ጭንቅላታችሁ መሬት ሳይነካ በፊት ወልቆ ይሄዳል። ልኩን ለማወቅ ደግሞ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። የጉንጫችሁ ቆዳ አብሮት ካልተጎተተ ሰፍቷችኋል። አንዴ አደጋ ያየ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሷል፤ አትግዙት፣ በስጦታም አትቀበሉት። በነጠላ ጫማ ለልምምድ የሚመጣውን ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን፦ በግራ እጅ የሚጨበጠው፣ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው። ጀማሪ ፍሪሲዮን ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ይመስለዋል፦ የተያዘ እና የተለቀቀ። ሥራው ያለው መሀል ላይ ነው። ሜዳ ቦታ ፈልጉ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ ነዳጅ አትስጡ። ግራ እጃችሁን ቀስ እያላችሁ አላሉት። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ ጎማው ለመሄድ ይሞክራል። እዚያ ጋ ያዙት። ሁለት ሜትር ያህል ይሂድና መልሳችሁ ጨብጡት። ይህን ሳይሰለቹ የሚደጋግሙ ተማሪዎች ኋላ ላይ ዳገት ላይ ሲነሱ አይቸገሩም። «ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው» ብለው የዘለሉት ደግሞ ሞተሩ በየመብራቱ ይጠፋባቸዋል።

ፍሪሲዮኑን ድንገት የሚለቅ ሰው ቀኝ እጁም ያስቸግረዋል። የእጁ አንጓ ወደ ላይ ተሰብሮ ነዳጅ የሚሰጠውን እጀታ ከያዘ ሞተሩ ወደፊት ሲፈናጠር ሰውነቱ ወደኋላ ይቀራል፤ እጁ አብሮ ወደኋላ ይጎተትና ነዳጁን ይበልጥ ይከፍተዋል። ፈርቶ አጥብቆ ሲይዝ ይብስበታል። አንድ ጎበዝ ተማሪ እንዲሁ አድርጎ ከሜዳው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አውጥተነዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስትጨብጡ አንጓችሁ ዝቅ ይበል። ግራ የገባችሁ ጊዜ ሁሉ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያዙ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ሞተሩ ቢጮኽ እንጂ የትም አይወስዳችሁም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

«የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» ይህን ምክር ሳይሰማ የመጣ ጀማሪ ካለ እኔ አላየሁትም። መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ያለው አጎት ወይም የሠፈር ጓደኛ ነው። ተማሪው አምኖ ይመጣል። ቀኝ እጁ ፍሬኑን እንዳይነካ ጣቶቹን እጀታው ላይ ይቆልፋቸዋል። ቁም ስለው በእግሩ የኋላውን ይረግጣል። የኋላ ጎማ ይታሰራል፣ ሞተሩ እየተወላገደ ይንሸራተታል፣ ቁም ካልኩት ምልክት አልፎ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ዞር ብሎ «ይሄ ሞተር ፍሬኑ አይዝም» ይለኛል። እንዴት ይያዝ? ዋናውን ፍሬን መች ነካኸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደት ወደፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከፊት ፍሬን የሚመጣው። ሃሪ ኸርት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን መርምሮ ውጤቱን በ1981 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ምን ሲያደርጉ ነበር? የኋላውን ከልክ በላይ ይረግጡ ነበር፤ የፊቱን በሚገባ አይዙም ነበር። 92 በመቶዎቹ ሞተር የተማሩት ደግሞ በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። አጎት እዚያም አለ ማለት ነው።

ሰው የሚወድቀው የፊት ፍሬን ስለነካ ሳይሆን ደንግጦ ጭምድድ ስለሚያደርገው ነው። ስለዚህ በሁለት ደረጃ ያዙት። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የፊቱ ሞላ ዝቅ ሲል ይሰማችኋል። ክብደቱ ፊት ላይ ካረፈ በኋላ ጨመር፣ ጨመር አድርጉ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ መሪውም ቀጥ ብሎ። በዝግታ እየዞራችሁ መሪው ከታጠፈ ወይም ጠጠር ላይ ከሆናችሁ ግን የፊቱን ተዉት፤ እዚያ የኋላው ይበቃል። ልምምዱን በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጀምሩና እጃችሁ ሲለምድ ከፍ አድርጉት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ የምትሄዱት ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሱ። ይህ ለማሰብ የሚፈጀውን ጊዜ ሳይጨምር ነው። በ60 የሚሄድ ሰው አንድ ሰከንድ ከዘገየ ፍሬኑን ሳይነካው 17 ሜትር ያህል ሄዷል።

እሺ፣ በረደልኝ።

ዓይን። ሞተር የሚሄደው ወደምታዩበት ነው። ጉድጓዱን እያያችሁ ጉድጓዱን ማለፍ አትችሉም። ሰፊ ሜዳ ላይ አንዲት ምልክት አስቀምጬ «ብቻ እሷን እንዳትነኩ» ስላቸው ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ይሄዱና ይገጯታል። ስትታጠፉ አገጫችሁን አዙራችሁ መውጫውን እዩ፤ የፊት ጎማችሁን አትዩ፣ የትም አይሄድም። ሌላም አለ። ፍጥነት ሲኖራችሁ ሞተር የሚታጠፈው በማዘንበል ነው፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ለስለስ አድርጋችሁ ወደፊት ትገፉታላችሁ። ስትሰሙት ግራ ያጋባል። ሳይክል ከነዳችሁ ግን ሳታውቁት ስታደርጉት ኖራችኋል።

የጎን ማቆሚያውን ሳያጥፉ መነሳት። በአንዳንድ ሞተሮች ማቆሚያው ካልታጠፈና ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፤ በሌሎቹ ግን ወደ ግራ ስትታጠፉ መሬቱን ይነክስና ይጥላችኋል።

ፍሬቻ። በአብዛኛው ሞተር ላይ እንደ መኪናው በራሱ አይመለስም። ትታጠፋላችሁ፣ ትረሱታላችሁ፣ እሱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀጥላል። ቀጣዩ መስቀለኛ ላይ የቆመው ሹፌር ልትታጠፉ መስሎት ይገባባችኋል። ጥፋቱ የማን ነው? ከታጠፋችሁ በኋላ ቁልፉን በአውራ ጣታችሁ መንካት ልማድ ይሁን፤ ባይበራም ንኩት።

ሹፌሩ ዓይን ለዓይን ስለተያየን አይቶኛል ብሎ ማሰብም አለ። የኸርት ጥናት ስለዚህም የሚለው አለው፦ ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የደረሱት ሌላው ቅድሚያ ከልክሎ ነው። የሹፌሩን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን እዩ። ጎማ ሲንቀሳቀስ መኪናው እየመጣ ነው፤ ጣቶቻችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁኑ።

ዝናብ ሲጀምር ለትንሽ ጊዜ ተጠልሉ። ያኔ ነው አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ የሚንሳፈፈው። የዜብራ ቀለምና የጉድጓድ ክዳን ደግሞ እስኪደርቁ ድረስ ያንሸራትታሉ።

ሞተሩ ቆሞ ወደ ጎን መውደቅ ከጀመረ በእግራችሁ ለማዳን አትታገሉ። ገና ሲያዘነብል ከሆነ ይያዛል፤ ካለፈ ልቀቁትና ዞር በሉ። ፍሬቻ ቢሰበር ይቀየራል።

የመጨረሻው ጓደኛ ማፈናጠጥ ነው። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ማቆሚያ ርቀታችሁ ይረዝማል፣ በዝግታ ስትሄዱ ሚዛናችሁ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ ስትታጠፉ ፈርቶ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ብቻችሁን መነሳት፣ መቆምና መታጠፍ ሳታስቡበት የሚመጣ እስኪሆን ድረስ «ትንሽ ብቻ አድርሰኝ» የሚለውን አትስሙት። ቢያኮርፍም ያኩርፍ፣ በታክሲ ይሂድ።